ሐዲድ ላይ የተቀመጡት መራቂ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። ላሞቹ ከወጡ ቆዩ፤ በበረቱ ላይ ሐዲድ ተዘርግቷል። ይልቅ ቦታ ቦታችሁን ያዙና ስሙኝ።

እትዬ ዘርትሁን የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገንፏቸው ሳይቀዘቅዝ ከልጃቸው ቤት መድረስ። ልጃቸው ትርሲት ከከተማው ዳርቻ፣ ከአዲሱ ሰፈር፣ ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። በፊተኛው ልጇ ጊዜ የእናቷ ገንፎ በታክሲ፣ በጋሪ፣ በእግር ተጉዞ ድንጋይ ሆኖ ነበር የደረሰው። ትርሲት «ግድ የለም እማዬ» ብላ በላችው። ያ «ግድ የለም» ግን ከእትዬ ልብ አልወጣም።

አሁን ተመስገን ነው፤ ሐዲዱ ሲቀጠል ሲቀጠል አዲሱ ሰፈር ደርሷል። የመጨረሻዋ ትንሿ ጣቢያ የምትከፈተውም ዛሬ ነው። እትዬ ገንፎውን ሠሩ፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቂቤና በርበሬ ሞሉበት፣ በአገልግል አድርገው በነጠላ ጠቀለሉትና ገበያ ዳር ጣቢያ ላይ ባቡር ተሳፈሩ። ባቡሩ ግን ንቅንቅ አልል አለ።

«አንተ ባቡር፣ ሂድ እንጂ! ገንፎዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

«አረንጓዴ ካልበራልኝ አልሄድም» አለ ባቡሩ።

ጣቢያዎች መቼም እህትማማቾች ናቸው፤ ታላቂቱ ያለ ታናሺቱ ቃል ባቡር አትሰድም። እትዬ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ገበያ ዳር፣ የኔ እመቤት፣ አብሪ። ባቡሩ አልሄድም አለ፤ ገንፎዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ታናሼ ወፍጮ ቤት ካልለቀቀች አላበራም።»

«ወፍጮ ቤት፣ ልጄ፣ ልቀቂ። ገበያ ዳር አላበራም አለች፤ ባቡሩ አልሄድም አለ፤ ገንፎዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ታናሼ ድልድይ ሥር ካልከፈተች አልለቅም።»

«ድልድይ ሥር፣ እናቴ፣ ክፈቺ። ወፍጮ ቤት አልለቅም አለች፤ ገበያ ዳር አላበራም አለች፤ ባቡሩ አልሄድም አለ፤ ገንፎዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ትንሿ እህታችን ካልጠራችኝ አልከፍትም። ከሷ ዘንድ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«ትንሿ፣ ሆዴ፣ ጥሪ። ድልድይ ሥር አልከፍትም አለች፤ ወፍጮ ቤት አልለቅም አለች፤ ገበያ ዳር አላበራም አለች፤ ባቡሩ አልሄድም አለ፤ ገንፎዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

ትንሿ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «እንዴት ልጥራ? አባባ ደባልቄ ሐዲዴ ላይ ተቀምጠዋል!»

እውነቷን ነው። የሰፈሩ ሰው የመጀመሪያውን ባቡር በወግ ሊቀበል ሐዲዱን ቄጤማ አልብሶ፣ በዕድሜ ትልቁን ሰው ከነበርጩማቸው መሃል አስቀምጧል፤ እንዲመርቁ። ይኼ እንግዲህ የኛ ነገር ነው፤ እንግዳ ከማክበራችን ብዛት መንገዱን እንዘጋበታለን።

«አባባ ደባልቄ፣ በማርያም ይነሱ! ትንሿ አልጠራም አለች፤ ድልድይ ሥር አልከፍትም አለች፤ ወፍጮ ቤት አልለቅም አለች፤ ገበያ ዳር አላበራም አለች፤ ባቡሩ አልሄድም አለ፤ ገንፎዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

«የመጣውን እንግዳ ሳልመርቅ አልነሳም» አሉ አባባ።

«እርስዎ ካልተነሱ እኮ አይመጣም!»

«እሱ ካልመጣ እኮ አልነሳም!»

እትዬ አገልግሉን ዳሰሱት። ትኩሳቱ መቀነስ ጀምሯል። እንባቸው ሲመጣ ግን ሐሳብም አብሮ መጣ።

«አባባ፣ የሚመረቅ እንግዳ አጡ እንዴ? ከጀርባዎ፣ ከትርሲት ቤት፣ ባቡሩን ቀድማ ዛሬ ጠዋት የገባች አለች። እስካሁን ማንም አልመረቃት።»

«ወልዳለች? አራስ ከጀርባዬ አስተኝታችሁ ነው ብረት የምታስጠብቁኝ?» አባባ የሰፈሩን ሰው ተቆጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ለወግ ለማዕረግ ብቂ።» ሰፈሩ «አሜን» አለ። አባባም በርጩማቸውን አንጠልጥለው ወደ አራሷ ቤት።

አባባ ሲነሱ ትንሿ ጠራች፤ ትንሿ ስትጠራ ድልድይ ሥር ከፈተች፤ ድልድይ ሥር ስትከፍት ወፍጮ ቤት ለቀቀች፤ ወፍጮ ቤት ስትለቅ ገበያ ዳር አበራች፤ ገበያ ዳር ስታበራ ባቡሩ በረረ! እትዬ በየጣቢያው በመስኮት እጅ እየነሡ «እግዜር ይስጥሽ፣ እግዜር ይስጥሽ» እያሉ ደረሱ።

ትርሲት የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምነው ልጄ፣ አቃጠለሽ?»

«አዎ እማዬ» አለች እየሳቀች፤ «ተመስገን፣ አቃጠለኝ።»

ተረቴ እዚህ ወረደ፤ እናንተም ከየጣቢያችሁ በሰላም ውረዱ።