ንገሪኝ የተባለው ተዳፋት

ከሰንበሌጥ አምባ በስተምሥራቅ ጦስኝ የሚበዛበት አንድ ተዳፋት አለ፤ የአገሩ ሰው «ንገሪኝ» ይለዋል። እዚያ ወጥቶ ለሆድ ሕመም ቅጠል የሚቀጥፍ ወይም ሥር የሚምስ ሁሉ፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት የመድኃኒቱንና የታማሚውን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። በጠራራ ፀሐይ ብቻውን ቆሞ «ጦስኝ ነው፤ ለአጎቴ ለደርብ ነው» እያለ ለገደሉ የሚለፈልፍ ጎልማሳ እንግዳን ያስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ቀድሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። መድኃኒት አዋቂ የተባለ ሁሉ ስሙን ከተናገሩት መድኃኒቱ ይረክሳል ብሎ ስለሚያምን፣ «ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ወይ ሳል ይይዘዋል፣ ወይ የከብቶቹ ነገር ድንገት ትዝ ይለዋል። ከሁሉም አፏ የከበደ እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ሲሆን፣ እሱም በሚያጣጥርበት ሰዓት «ስሙ ከአፍሽ የወጣ ቀን መድኃኒቱ እንዲያው ሣር ይሆንብሻል» ብሎ አስምሏት ነበር ይባላል። ሆዱ የተነፋ፣ የቆረጠው፣ ምግብ አልረጋ ያለው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ ወቅጣ፣ በማር ለውሳ፣ ዝም ብላ ታጠጣለች፤ አብዛኛውም ይድናል።

አንድ ዓመት ገብስ ሲያሸት የሻረግ የምትባል የጎረቤት ልጅ ሆዴን ጎረበጠኝ ብላ መጣች። ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች። እማዋይሽ የሆድ ትል ነው ብላ የእንዶድ ሥር ወቀጠችና፣ ጣዕሙ እንዳይታወቅ ማር አብዝታ ሰጠቻት። የእንዶድ ፍሬ ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ሥሩ ግን ሆድ ጠራርጎ እንደሚያወጣ፣ ነፍሰ ጡርንም ክፉኛ እንደሚጎዳ የማታውቅ ሴት በአገሩ አልነበረችም። የሻረግ ዋንጫውን ይዛ ጥቂት አመነታች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው? ንገሪኝ።»

«ዝም ብለሽ ጠጪ፣ ልጄ።»

ጠጣች። የሻረግ አርግዛ ነበር፤ ነገር ግን ጽንሱ ሳይጠና ከተወራ ዓይን ይገባበታል ስለሚባል ለገዛ እናቷ እንኳ አልተነፈሰችም። አንደኛዋ የመድኃኒቱን ስም፣ ሌላይቱ የማህፀኗን ነገር ደብቀው ተለያዩ። በማግስቱ ደም ፈሷት አረፈች፤ እርግዝናዋም የታወቀው አስከሬኗን ሲያጥቡ ነው። እማዋይሽ ለቅሶው መካከል ተቀምጣ «ዓይን በላት» ሲባል ሰማች፤ ያን ጊዜም አፏን አልከፈተችም።

ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተዳፋቱ ወጥታ፣ ቀትር ላይ ለመቅጠፍ ጎንበስ ስትል፣ ከጀርባዋ «እትዬ፣ ንገሪኝ» የሚል ድምፅ ሰማች ይባላል። ዞር ብትል ከፀሐይና ከሣር በቀር ምንም የለም። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የሻረግ ዋንጫውን ይዛ እንደጠየቀቻት ያው ለስላሳ ነበር፤ እማዋይሽንም ያንቀጠቀጣት እሱ ነው። ባዶ እጇን ወረደች። ሌላ ቀን ወጣች፤ ድምፁ ቀድሟት ቆይቷል። ቤቷ ድረስ አይከተላትም፣ ደጀ ሰላምም አይመጣም፤ እዚያው ሆኖ ይጠብቃታል። ቀስ በቀስ ታማሚዎቿን «እጄ ከብዷል» እያለች መመለስ ጀመረች፤ ሰውነቷም ከሰል መሰለ።

እንዲህ ሳለች የገዛ ልጇ አመለወርቅ በተቅማጥ ወደቀች። ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ፤ ዓይኗ ጎደጎደ። ቤት ውስጥ የነበረው ጦስኝ ካለቀ ቆይቷል። እማዋይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተዳፋቱን ወጣች።

«እትዬ፣ ንገሪኝ።»

እጇ ደርቆ ቀረ። ብትናገር አባቷ እንዳለው መድኃኒቱ ሣር ይሆናል፣ ልጇም ትሞታለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ።

«ጦስኝ ነው» አለች እያለቀሰች። «ለልጄ ለአመለወርቅ ነው።»

ቀጥሎ ድምፁ «የኔስ ምን ነበር?» አለ።

ከተዳፋቱ ግርጌ የየሻረግ እናት አዛለች ባቄላዋን ትኮተኩታለች። እማዋይሽ አይታታለች፤ የሚወጣው ቃል እዚያ እንደሚደርስም ታውቃለች።

«እንዶድ ነበር!» ብላ ጮኸች። «የሻረግ፣ ያጠጣሁሽ እንዶድ ነው!»

አዛለች ቀና አለች። መኮትኮቻዋን እንደያዘች ዳገቱን በዝግታ ወጣች። እማዋይሽ ተንበርክካ አንገቷን ደፋች፤ መኮትኮቻው አናቷ ላይ እንደሚያርፍ አልተጠራጠረችም። አዛለች እላይዋ ቆመች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ጦስኙን በገዛ እጇ ቀጠፈችና የእማዋይሽን ነጠላ ሞላችው።

«ሂጂ አጠጫት» አለቻት። «ያንቺዋ ገና አለች።»

አመለወርቅ ዳነች። ያዳናት ጦስኙ ይሁን ዕድሜዋ፣ ሽማግሌዎቹም አይስማሙም፤ ስሙ በመነገሩ ግን መድኃኒቱ ሣር እንዳልሆነ አገሩ አየ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የሚሰጠው የመድኃኒቱን ስም ይናገራል፣ የምትጠጣውም ያረገዘች እንደሆነች ሳታፍር ትናገራለች። አዛለች ግን ከዚያን ቀን በኋላ እስክትሞት ድረስ እማዋይሽን አንዲት ቃል አላነጋገረቻትም ይባላል፤ ማንም አልፈረደባትም።

የየሻረግ ድምፅ ከዚያ ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም። ዛሬ ቀትር ላይ ንገሪኝ የወጡ ሴቶች እንሰማለን የሚሉት የሌላ ሰው ነው፤ ማንም ሳይጠይቃት «እንዶድ ነበር፣ ልጄ… እንዶድ ነበር» የምትል የደከማት አሮጊት ድምፅ። ሴቶቹም አይሮጡም። «ሰምተናል፣ እማማ» ይሏትና ቅጠላቸውን ይዘው ይወርዳሉ።