የዘሀራ ሽኝት

ወይራ ሜዳ ላይ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ከመንገድ በተመለሰ ሰው መሳቅ አይቻልም። ሊስቅ አፉን የከፈተ ካለ አንዱ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ጣልቃ ይገቡና አንዲት አጭር ተረትና ምሳሌ ጣል ያደርጋሉ፤ ሳቂውም ሳቁን ይውጣል። ከየት እንደመጣች ልጆቹን ብትጠይቋቸው "ድሮም የነበረች ናት" ይሏችኋል። ድሮስ አልነበረችም። እንዲያውም ድሮ የመንደሩ ሰው ያምን የነበረው የዚህችን ተረት ተቃራኒ ነበር።

ወይራ ሜዳ ከኮምቦልቻ ብዙም የማትርቅ የወሎ መንደር ናት። ሰዉ ደግ ነው፤ ሽኝት ሲሆን ደግሞ ደግነቱ ልክ ያጣል። አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው ከተባለ በግ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሴቱ ያለቅሳል፣ ወንዱ ያላለቀሰ ለመምሰል ይስላል። መንገደኛውም ጥሎት የሚሄደውን ንብረት ለዘመድ ለጎረቤት ያከፋፍላል። በመጨረሻ ከግቢው ሲወጣ አባወራው ወደ ቤት ይገባና በሩን ይዘጋል። መንገደኛው ዞር ቢል የተከፈተ በር አይቶ ልቡ እንዳይከፈል ነው ይባላል። በሩም ፀሐይ እስክትጠልቅ አይከፈትም። የተሸኘ ሰው ከመንገድ ከተመለሰ "ምርቃቱን አፈሰሰ" ይሉታል፤ እሱም ቢሆን በተዘጋው በር ፊት ተቀምጦ የፀሐይዋን መጥለቅ ይጠብቃል እንጂ ቀጥ ብሎ አይገባም።

ይህ የደረሰበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። የመንደሩ መራቂ የአባ ቡሽራ ልጅ እንድሪስ በጎረምሳነቱ ከታናሽ ወንድሙ ከሐሰን ጋር ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ተሸኝቶ ከመናኸሪያ ተመለሰ። ሐሰን ሄደ፤ ሄዶም ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንድሪስን በስሙ የሚጠራው ጠፋ። "ጅቡቲ፣ እንዴት አደርክ? ሙቀቱስ እንዴት ነው?" ይሉታል። ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ አልተዉትም።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ይመር እንምጣ። ይመር ያለችው አንዲት ልጅ ዘሀራ ናት። የእናቷ የመዲና ዓይን ከዓመት ዓመት እየተጋረደ ሲሄድ ዘሀራ "ዐረብ አገር ሠርቼ እናቴን አሳክማለሁ" ብላ ተነሣች። ወረቀቷ ተስተካከለ፣ የምትሠራበት ቤት ተገኘ። ይመር ሆዱ ባይወድም እሺ አለ። የመንገድ ቀሚሷን ራሱ ሰፋላት፤ ሲሰፋም ጫፉን ሁለቴ ፈትቶ ሁለቴ ሰፋው፤ ቀሚሱ ካላለቀ ልጅቱ የማትሄድ ይመስለው ነበር።

ዘሀራም እንደ ደንቡ አልጋዋን ለአጎቷ ልጅ፣ ዶሮዋን ለጎረቤት፣ ሻሾቿን ለጓደኞቿ ሰጠች። አባ ቡሽራ መረቋት። ከግቢው ስትወጣ ይመር ገብቶ በሩን ዘጋ። መወርወሪያውን ከጣለ በኋላ እጁን ከእንጨቱ ላይ ማንሣት አቃተው። ልጅቱ ከሌሎቹ ተጓዦች ጋር ወደ አዲስ አበባ እስክትነሣ ድረስ ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ልትሰነብት ነበር።

ከሽኝቱ በኋላ በዋለው ገበያ ይመር በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ሳለ ራዲዮው ያን ዜና አመጣ። ዘሀራ በምትሄድበት አገር ጦርነት ተነሥቷልና፣ ዜጎች ሌላ ማስታወቂያ እስኪሰጥ ድረስ ጉዟቸውን እንዲያቆዩ፣ እዚያ ያሉትም ከቤት እንዳይወጡ መንግሥት ያሳስባል። ዜና አንባቢው ይህን ካለ በኋላ ወደ እህል ዋጋ ተሻገረ። የይመር መኪና ግን ቆመ።

በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ።

"መንግሥት መቼም ማስፈራራት ሥራው ነው" አለ አንዱ። "አውሮፕላኑ እንደሆነ አልቆመ።"

"አይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው" አለ ሌላው። "ደውልላት ይመር።"

ስልክ እንድታመጣለት ዘሀራን ያዘዛት አንድ ጎረምሳ ደግሞ ጆሮውን እያከከ "የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ነገሩን ባናነሣው ነው የሚሻል" አለ።

"ተሸኝታ የለም እንዴ?" አለ ጨርቅ ሊያስለካ የመጣ ሰውዬ። "ወይስ ሁለተኛ ጅቡቲ ልታመጣብን ነው?"

ሁሉም ሳቁ። ይመርም አብሯቸው ሳቀ። ያን ሳቅ ሲያስታውሰው ዕድሜውን ሙሉ ያፍር ነበር።

ገበያው ሲበተን ደወለላት። የወይራ ሜዳ ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ይመርም ደኅንነቷን፣ የአክስቷን ጤና፣ የልጆቹን ጤና ጠየቀ። አክስቲቱ ከብት እንደሌላት እያወቀ ስለ ከብቱም ጠየቀ። ከዚያ የሚጠይቀው አለቀበት።

"ራዲዮውን ሰማሽ?" አላት።

"ሰማሁ አባባ።"

"እና ምን ታስቢያለሽ?"

"እርስዎ ያሉኝን ነዋ።"

"እኔማ ምን እላለሁ፤ አንቺ የወደድሽውን ነው።"

"እርስዎ ከወደዱት እኔም ወድጄዋለሁ።"

ማዕድ ላይ "ቅደም፣ አንተ ቅደም" ሲባባሉ ወጡ እንደሚቀዘቅዘው ሆነ። ይመር "ተመለሽ" ሊላት ፈለገ፤ ግን ለእናቷ ብላ የተነሣችበትን ነገር ከእጇ መንጠቅ መሰለው። ደግሞ የበረንዳው ሳቅ ጆሮው ላይ ነበር።

"እንግዲህ መርቀንሻል" አለ በመጨረሻ።

"አሚን" አለችው። አሚኑ ከእንባ ጋር እንደወጣ ይመር ያውቃል፤ ልጁ ናትና። ቢሆንም ስልኩን ዘጋ።

ቤት ሲገባ መዲና ኮቴውን ሰምታ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። "ምን አለችህ?"

"እርስዎ ያሉኝን አለች።"

"አንተስ?"

"አንቺ የወደድሽውን አልኳት።"

"ሁለት ሰው ተነጋግሮ አንድም ነገር ሳይባል ቀረ በለኛ።"

"ለዓይንሽ ብላ እኮ ነው መዲና። ያለዚያ እኮ..."

"ዓይኔ ድኖ ማንን ላይበት ነው?"

"ከሸኘን በኋላ ብንመልሳት ሰው ምን ይላል?" አለ ይመር።

"ሰው ማለቱን መች ትቶ ያውቃል" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ገና ሲከፍት እንድሪስ የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጣ። ይመር ከልማድ የተነሣ "ተቀመጥ ጅቡቲ" አለው። እንድሪስ ተቀመጠ፤ ሱሪውን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሣውም።

"ሱሪው ይቆይ" አለ። "ሌላ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት። ያን ለት እኔና ሐሰን መናኸሪያ ስንደርስ፣ በረሃው ውስጥ መንገደኛ እየተገደለ ነው፣ ለጊዜው አትሂዱ እየተባለ በድምፅ ማጉያ ይለፈፍ ነበር። እኔ ፈራሁ። ሐሰንም ፈርቷል። ዕቃውን መኪናው ላይ ይጭናል፣ መልሶ ያወርዳል። እንመለስ ስለው 'አንተ ተመለስ' አለኝ። 'ሁለታችንም ከተመለስን አባባ ሰው ፊት ምን ይሆናል? በሩንስ ማን ይከፍትልናል?' አለኝ።"

ይመር መርፌውን አስቀመጠ።

"እኔ ተመለስኩ። አባቴ ድምፄን እየሰማ፣ ሥርዓት ነው ብሎ ፀሐይ እስክትጠልቅ በሩን አልከፈተልኝም። እንደ ሌባ ከደጅ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ፤ አልቀየማችሁም። እኔ ስላለሁ ነው የሚሳቅብኝ። ሐሰን ግን የሚሳቅበት እንኳ የለም።"

"ይህን ለማን ነግረህ ታውቃለህ?"

"ማን ጠይቆኝ?"

ይመር ተነሥቶ መኪናውን በጨርቅ ሸፈነ፤ የሱቁን በር ቆለፈ። "ሱሪህን ነገ እሰፋልሃለሁ፣ እንድሪስ" አለ። ቀጥ ብሎ ወደ መኪና መሳፈሪያው ሄደ።

አክስቷ ቤት ሲደርስ ዘሀራ እሱ የሰፋላትን ቀሚስ ለብሳ በዕቃዋ ላይ ተቀምጣለች። ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳቸው መኪና በማግስቱ ሊመጣ ነበር። አባቷን ስታይ ደንግጣ ተነሣች። ይመር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"ተነሺ፣ ወደ ቤት እንሂድ።"

"አባባ፣ ተሸኝቼ? ምርቃቱስ?"

"አላውቅም።"

"የሰው አፍስ?"

"የሰው አፍ እኔን ይብላ። አንቺን ጦርነት ከሚበላብኝ።"

ዘሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። "ይህን ቃል እኮ ከትናንት ጀምሬ ስጠብቅ ነበር" አለች ከሻሹ ውስጥ።

"እኔም ካንቺ ስጠብቅ ነበር" አለ ይመር። አጠገቧ ዕቃው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ፤ ያን ቀን ለመሳል እንኳ አልሞከረም።

"የእማማ ዓይንስ?" አለችው ሲረጋጉ።

"ሌላ መላ እንፈልጋለን። መጀመሪያ የምታየው ይኑራት።"

እነሱ መንደሩ ሳይደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ከመኪናው ሲወርዱ ሰዉ መንገዱ ዳርና ዳር ላይ ቆሟል። ዶሮ የተሰጠቻት ጎረቤት ዶሮዋን ብብቷ ሥር ይዛ መጥታለች፤ ትመልስ አትመልስ ገና አልወሰነችም። አንዱ "ዘሀራ፣ ዐረብ አገር እንዴት ከረመ?" አለ። ሌላው "ጅቡቲ አለን፤ ይችን ደግሞ ኮምቦልቻ እንበላት" አለ። ሳቁ እየተከተላቸው ግቢያቸው ድረስ ዘለቀ።

በሩ ተዘግቶ ነበር። ሥርዓት ጠባቂ ነኝ ያለ አንድ ጎረቤት ቀድሞ መጥቶ መዝጊያውን ከውጭ በሰንሰለት አሥሮታል። መዲና ከውስጥ ሆና እንጨቱን በመዳፏ ትመታለች። "ዘሀራ? ልጄ፣ አንቺ ነሽ?" ትላለች። ዘሀራ ወደ በሩ ልትሮጥ ስትል አባ ቡሽራ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ሰዉ የሚቆጧት መስሎታል።

ዘሀራ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። "አባ፣ ምርቃትዎን አፈሰስኩ" አለቻቸው።

"ተነሺ ልጄ" አሉና በትከሻዋ ደግፈው አነሧት። "እኔ የመረቅኩት አንቺን ነው፤ መንገዱን አይደለም።"

ወደ በሩ ሄደው ሰንሰለቱን ያዙ። ሊፈቱት ሞክረው አልቻሉም። ዘወር አሉና በሰዉ መካከል ዓይናቸውን አንከራተቱ።

"እንድሪስ" አሉ።

እንድሪስ ስሙን ከአባቱ አፍ ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

"ና ልጄ። እጄ እምቢ አለኝ፤ ክፈትልኝ።"

አባትና ልጅ ሰንሰለቱን አብረው ፈቱት። በሩ ሲከፈት መዲና እጇን ዘርግታ የልጇን ፊት ፈልጋ አገኘችው፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ዳሰሰች። ይመር ከኋላቸው ቆሞ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፋቸው። ጎረቤቲቱም ዶሮዋን መሬት ላይ ለቀቀቻት።

ያ ቅድም "ኮምቦልቻ እንበላት" ያለው ሰው አፍሮ ኖሮ ነገሩን ለማቅለል "እንግዲህ አባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰው መሸኘት ቀረ ማለት ነው?" ሲል ጠየቀ።

አባ ቡሽራ የእንድሪስን እጅ እንደያዙ ወደ ሰዉ ዞሩ። "መሸኘትማ አይቀርም፤ ሰው ይሄዳል" አሉ። "እኔ ግን ሁለት ልጅ ሸኝቼ፣ ገና ዛሬ ጠዋት እንድሪስ እንደነገረኝ፣ አንዱ በሩ ተዘግቷል ብሎ ቀርቶብኛል። ስለዚህ ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ሸኝተህ ግባ፤ በር ግን አትዝጋ።"