አለቱ ላይ ያልተጻፉት

በአንድ ሸለቆ የሚገዛ አንበሳ ሁሉንም ይጠረጥር ነበር። ሚዳቋ ሣር ስትነጭ «ምን እየዶለተች ነው?» ይላል፤ አሞራ ሲያንዣብብ «ለማን ሊያቀብል ነው?» ይላል። አማካሪዎቹ እመት ቀበሮና አያ ጅቦ ይህን ጥርጣሬ ብልሃት እያሉ ያወድሱለታል። ሕዝቡም ከጌታው ተምሮ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሰላምታ እንኳ እያሰበ ይሰጥ ጀመር።

በጋው ሲጠና ምንጩ ቀጠነ። አንበሳው ውሃው ለየነገዱ እንደ ቁጥሩ እንዲታደል አዘዘ። ነገር ግን አንድ ቆጣሪ ዝንጀሮ ብቻውን ሸለቆውን ዞሮ ቆጥሮ እስኪጨርስ ምንጩ ይደርቃል።

«ጃንሆይ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል» አለች ቀበሮ። «አራት ዝንጀሮዎች ባንድ ጊዜ በአራቱ ማዕዘን ይውጡ። ድር ቢያብር...» አለችና የተረቱ ቀሪ ትዝ ሲላት ዋጥ አደረገችው።

አንበሳው ግን ሰምቷል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» አለ። «አራቱ እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ። ሲነሡ እዚህ አለት ላይ የተጻፈውን በልባቸው ይዘው ይሂዱ፤ ያገኙትን ነገድ ከነቁጥሩ ይጨምሩበት፤ ሲመለሱ አሮጌውን አጥፍተው ሙሉውን ባዲስ ይጻፉ። አለቴ ላይ ሁለት ቃል ማየት አልፈልግም።»

ዝንጀሮዎቹ በማለዳ ተነሡ። አራቱም አለቱን አዩ፤ ባዶ ነበር። ከምሥራቅ የተመለሰው ሚዳቋንና ድኩላን በቀይ አፈር ጻፈ። የሰሜኑ መጣና ያንን አጥፍቶ የራሱን ጻፈ። የደቡቡም እንዲሁ። መጨረሻ የደረሰው ጅቦችና ቀበሮዎች ከሚኖሩበት ከምዕራብ የመጣው ነው። የሚያጠፋው የባልንጀራውን ልፋት ይሆን ብሎ ጠርጥሮ ነበር፤ መጠየቅ ግን ክልክል ነው። አጠፋው።

አንበሳው አለቱን አይቶ አገሳ። «ጅብና ቀበሮ ብቻ? የቀሩት ከድተውኛል!»

ጉባኤ ተጠራ። በቅርቡ የወለደች ሚዳቋ ወደ ፊት ወጣች። «ጃንሆይ፣ ፊትዎ ቆሜ የት ከዳሁ? የግልገሌ ምላስ ደርቋል፤ ዛሬ ካልጠጣ አያድርልኝም።»

«እኔ ጽፌያት ነበር» አለ የምሥራቁ ዝንጀሮ።

«እኔ ደግሞ አጠፋኋት» አለ የሰሜኑ። «እንደታዘዝኩት።»

ያን ጊዜ የሆነው ነገር ለሁሉም ገባቸው። ሚዳቋ «እንግዲያው ተነጋግረው እንደገና ይጻፉን» አለች። ጅቦ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዛሬ አለቱ ተሳስቷል ከተባለ ነገ ዙፋኑ ተሳስቷል ይባላል።»

አንበሳው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «አለቱ ላይ የሌለ በሸለቆዬ የለም» ብሎ ፈረደ። «የሌለ ደግሞ ውሃ አይጠጣም።» ጅቦችም ምንጩን ከበው ጠባቂ ሆኑ።

ብዙም ሳይቆይ አያ ጅቦ ጠጥቶ ጠግቦ ወደ ሚዳቋ መጣ። ለንጉሡ ገበታ በየተራው ከየነገዱ አንድ ይቀርባል፤ ተራው የሚዳቋ ነበር። «ግልገልሽን አምጪ» አላት።

ፈርታለች፤ ከፍርሃቷ ግን ንዴቷ በለጠ። «እኔ እኮ የለሁም፣ አያ ጅቦ። የሌለ ውሃ የማይጠጣ ከሆነ፣ የሌለ እንዴት ይበላል?»

ጅቦ ተናዶ ወደ ድኩላ ሄደ። «እኛም የለንም» አለ ድኩላ። ከርከሮም ቀና ሳይል ያንኑ መለሰ። ወሬው ከጎሬ ጎሬ ዞረ፤ ሰላምታ ይፈሩ የነበሩት ጎረቤታሞች ይህን ለመነጋገር አልፈሩም።

የራበው አንበሳ ጉባኤውን መልሶ ሰበሰበ። «ታዲያ በአገሬ ማን አለ?»

እመት ቀበሮ ከአያ ጅቦ አጠገብ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ እያለች ወደ ቁጥቋጦው ተጠጋች።

አንበሳው ወደ አለቱ ዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ጅብ» አለ።

በምንጩ ዙሪያ የቆሙት ጠባቂዎች ተያዩ፤ ከዚያም በየፊናቸው ፈረጠጡ። ሚዳቋ ግልገሏን ወደ ውሃው መራችው።