በእመት ጃርት ጎጆ የተንሿሿው ነገር

ተረቴን ላምጣላችሁ፤ እናንተ ጆሯችሁን አምጡልኝ።

መብራት ከከተማ አልፎ ጫካ በገባበት ዘመን እመት ጃርት የምትባል ድምፅ ቀጂ ነበረች። በጎጆዋ አንድ ማይክ፣ አንድ መቅጃና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ነበራት። የወፎችን ዜማ ትቀዳለች፣ የዝንጀሮን ቀረርቶ ትቀዳለች፤ ለሰርግ የሚፈለግ ዘፈን ሁሉ ከእሷ ዘንድ አይታጣም።

በዚያው ጫካ አያ ኤሊ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወንዝ ሲደርቅ የሚዘፈነውን የዝናብ ዘፈን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ልጆቻቸው ወዳሉበት ሩቅ ሐይቅ ጠቅልለው ሊወርዱ መሆኑን ተናገሩ። የቀራቸው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ኤሊ አንዴ ከሄደ እስኪመለስ ማን ይጠብቃል? እመት ጃርት ይህን ስትሰማ፣ ዘፈኑም አብሮ ሊሄድ ነው ብላ ሮጣ፣ እንድትቀዳው እንዲዘፍኑላት ለመነቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

በመጀመሪያው ቀን አያ ኤሊ ማይኩ ፊት ተቀምጠው ዘፈኑ። እመት ጃርት መልሳ ስታዳምጠው ከዘፈኑ ሥር «እምምምም» የሚል ነገር አለ። ማይኩን ብትጠይቀው፣ የሰማሁትን አቀብላለሁ እንጂ ከራሴ አልጨምርም ብሎ ማለ። ንብ ገብቶብኛል ብላ ጣራውን በመጥረጊያ ስትደበድብ ዋለች፤ ንብ የለም። ደክሟት ወለሉ ላይ ጋደም ስትል ግን ሹክሹክታ ሰማች። የመብራቱ ገመድና የማይኩ ገመድ ተጠማዝዘው ተኝተዋል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለቻቸው።

«እያወጋን ነዋ» አለ የመብራቱ ገመድ። «እሱ ወሬ ይወዳል፤ እኔም ወሬ አላጣም።»

አንዱን በቀኝ ግድግዳ፣ አንዱን በግራ ግድግዳ አስተኛቻቸው። እምምታው ጠፋ፤ ቀኑም መሸ።

በሁለተኛው ቀን አያ ኤሊ እንደገና ዘፈኑ። አሁን ደግሞ «ድርርርር፣ ቀጭ» የሚል መጣ። እመት ጃርት ሰው ሳታማክር ከጎጆዋ ሥር ወደሚኖረው ጎረቤቷ ወደ ፍልፈል ወርዳ፣ ጉድጓድ መቆፈሩን እንዲተው ተቆጣችው። ፍልፈል ተኝቶ እንደነበር፣ የቀሰቀሰችውም እሷ እንደሆነች ነገራት። ተመልሳ ያላትን ሁሉ አንድ በአንድ እየነቀለች ታዳምጥ ጀመር። አምፖሉን ነቀለች፤ ድርርታው አለ። ምድጃውን ነቀለች፤ አለ። ፍሪጁን ስትነቅል ጸጥ አለ።

«ካላንኮራፋሁ ጎመንሽ ይጠወልጋል» አለ ፍሪጁ። «ወይ ዘፈን ወይ ጎመን፣ ምረጪ።»

እመት ጃርት ጎመኗን አይታ ምራቋን ዋጠች። ቢሆንም መልሳ አልሰካችውም። ግማሹን ጎመን ይዛ ወርዳ ፍልፈልን ይቅርታ ጠየቀች፤ ይህም ቀን እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ጎጆዋ ጭር አለ። አያ ኤሊ ዘፈኑ። ዘፈኑ ሆድ የሚያባባው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን «ሽርርር፣ ሽርርር» የሚል ተሰማ። እመት ጃርት ልታለቅስ ደረሰች። የሚነቀል ነገር ስላጣች ዞራ ማይኩን ለመነችው።

«ከጀርባሽ ነው» አለ ማይኩ።

ዘወር ብላ አየች፤ ምንም የለም። እንደገና ዞረች፤ ምንም የለም። አያ ኤሊ ከመሳቃቸው የተነሣ አንገታቸው ድንጋይ ልብሳቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሲወጣላቸው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እሾህሽ ነው። ዘፈኑ ልብሽን ሲነካው ትንቀጠቀጫለሽ። ስትንቀጠቀጪ ይንሿሿል።»

እመት ጃርት አፈረች። ገመዶቹን ወቅሳ፣ ፍሪጁን ወቅሳ፣ ጎረቤቷን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ፣ ጥፋቱ በራሷ ጀርባ ተገኘ። እሾኋን በጠፍር ብታስረው ጠፍሩ ተበጣጠሰ። በመጨረሻ የመቅጃውን ቁልፍ እንዲጫንላት ፍልፈልን ጠርታ፣ እሷ ርቃ ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

ተመልሳ ስታዳምጥ ቀረጻው እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ቃሉ አለ፣ ዜማውም አለ። ልቧ ግን ንቅንቅ አላለም። አያ ኤሊን ምን ነካዎት ብትላቸው፣

«ፍልፈል እንቅልፍ ወሰደው» አሉ። «ለማን ልዝፈን?»

እመት ጃርት ራሷ ቁልፉን ተጭና ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለች። እሳቸው ዘፈኑ፤ እሷ ተንቀጠቀጠች፤ እሾኋም እንዳሻው ተንሿሿ። በማግስቱ አያ ኤሊ ሄዱ።

በጋው ሲበረታ ወንዙ ደረቀ። ለስደት የተነሡት አራዊት ሁሉ ከጎጆዋ ደጅ ተሰበሰቡ፤ እሷም ዘፈኑን ከፈተችላቸው። «ሽርርር» የሚለው ቦታ ሲደርስ ሚዳቋ ጆሮዋን አቆመች።

«ስሙ» አለች፤ «ቅጠል ላይ ማካፋት ጀመረ።»

ሁሉም አንጋጠው ሰማዩን ተመለከቱ። ጠብታ የለም፤ ነገር ግን ያን ቀን ጫካውን ጥሎ የተሰደደ አልነበረም። ዝናቡስ ዘነበ ወይ ብትሉኝ፣ በሰባተኛው ቀን ዘነበ። በዘፈኑ ይሁን ወቅቱ ደርሶ፣ ያወቀ የለም።

ጉድፍ ስትፈልግ ከራስህ ጀምር፤ ያገኘኸውን ሁሉ ግን ጉድፍ ነው ብለህ አትጣል።