የደሴቲቱ ጉሬዛዎች ቆጠራ

እናንተ ልጆች፣ ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ! እንስሳ ሁሉ ሲናገር፣ ዕቃም ሲመልስ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። ነጭ ጋቢ የደረቡ የሚመስሉ፣ እንግዳ የሚወዱ ጉሬዛዎች ይኖሩባት ነበር። ስንት እንደሆኑ ግን ከሐይቁ ማዶ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን ምሳር ወደ ንጉሡ ወደ አንበሳ ሄዶ፣ «ጌታዬ፣ የደሴቲቱን ደን ይስጡኝ» አለ።

«ጉሬዛዎቹን አስቆጥራለሁ» አለ አንበሳ። «ብዙ ከሆኑ ዘራቸው አይጠፋምና ግማሹን ደን ትቆርጣለህ። ጥቂት ከሆኑ አንዲት ቅርንጫፍ አትነካም።» ቆጠራውንም ለኤሊ ሰጠ።

ኤሊ በታንኳ ተሻግሮ፣ ከደሴቲቱ ሦስት ደኖች መጀመሪያ ከምሥራቁ ደረሰ። ጉሬዛዎቹ እንግዳ መጣ ሲባል ከየደኑ ሮጠው፣ «እንኳን ደህና መጣህ አያ ኤሊ!» አሉት። አርባ ናቸው፤ አርባ ጠጠር ያዘ። እነሱ ዘንድ እንግዳ ብቻውን ሄዶ አያውቅምና ሊሸኙት ተነሱ። እሱ ከታች ሲንፏቀቅ እነሱ በዛፍ ላይ ዘለው መካከለኛው ደን ቀድመውት ደረሱ። «እንኳን ደህና መጣህ!» አሉት። አርባ ጠጠር ጨመረ። ወደ ምዕራቡ ደን ሸኙት፤ እዚያም ቀድመው፣ «እንኳን ደህና መጣህ!» አሉት። አርባ ጠጠር ጨመረ። ሁሉም ባለ ነጭ ጋቢ፣ ምኑን ከምኑ ይለየው?

ታንኳ ልትወስደው ዞራ መጥታ ነበር። ሲሳፈር ወደ ውኃው ዝቅ አለች። «ምን ጫንክብኝ?»

«መቶ ሃያ ጉሬዛ።»

«አንተ ሰውዬ! እነዚያው አርባዎቹ እኮ ናቸው፤ በላይህ ሲሮጡ ከውኃው ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ!»

«ወይ ጉዴ! ለምሳር ልሰጣቸው ነበር!» አለና ተመልሶ ትልቋን እመት ጉሬዛን ጠራት። «ነገ ስመጣ ማንም እንዳይቀበለኝ፣ ማንም እንዳይሸኘኝ። በየቤታችሁ ቆዩ።»

እመት ጉሬዛ ዕንባዋ መጣ። «እንግዳ ሳይሸኝ? ሰው ምን ይለናል?»

«ከሸኛችሁኝ ደናችሁንም አብራችሁ መሸኘታችሁ ነው።»

በማግስቱ ጉሬዛዎቹ በየቤታቸው ተቀመጡ። አንዱ ሕፃን ሊወርድ ሲል እናቱ በጅራቱ ይዛ አስቀረችው። ኤሊ በምሥራቅ አሥራ አንድ፣ በመካከል ሃያ፣ በምዕራብ ዘጠኝ ቆጠረ።

አንበሳ አርባውን ጠጠር አይቶ፣ «እነዚህማ ጥቂት ናቸው። ደኑ የእነሱ ነው» ብሎ ፈረደ። ምሳር አኩርፎ ሄደ። ጉሬዛዎቹም ቅጠላቸውን እየበሉ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በደስታ ኖሩ።

አያችሁ ልጆቼ፣ ደግነት ደስ ይላል። ማን እንደሆናችሁ ሊያይ የመጣ ሲኖር ግን ከቤታችሁ ተገኙ፤ በሁሉም ቦታ የታየ የራሱን ቦታ ያጣል።