አሸዋ የጠጣው ወንዝ

አንድ የደጋ ሰው ትርንጎ የምትባል ልጁን ሩቅ ባሕር ዳር ለሚኖር ዓሣ አጥማጅ ዳረ። በስንብቱ ቀን ከመንደሩ በታች እስካለው ወንዝ ድረስ ሸኛት። ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልሄድም ብትለው፣ እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ እንዲህ አላት፦

«ወንዝ ሁሉ መግቢያው ባሕር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር እዚህ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሰላምታዬን ለውሃው እነግረዋለሁ። አንቺ እታች ሆነሽ ቅጂና ጠጪው።»

ደጉ ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም። ያ ወንዝ ከተራራው ወርዶ በረሃውን ሲነካ፣ ባሕሩ ጋ ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ትርንጎ ይህን ያየችው በሙሽርነቷ፣ ግመል ላይ ሆና ነው።

«አገርሽ ወዴት ነው?» ቢሏት «ገና አላገባሁም» አለች የተባለችው የተረት ሴት ትርንጎን አላየቻትም። ትርንጎ አገባች፣ ወለደች፣ ዓሣ ዘልዝሎ ማድረቅም ተማረች፤ አገሯ ግን ያው ተራራው ነበር። ሥራዋን ስትጨርስ ፊቷን ወደ ተራራው፣ ጀርባዋን ወደ ባሕሩ አድርጋ አሸዋው ላይ ትቀመጣለች። ክረምት ሲገባ ከሩቅ መብረቁን እያየች «አሁን አባቴ ድንጋዩ ላይ ቆሟል» ትላለች። ደረቁን የወንዝ መንገድ ብትጠብቅ ብትጠብቅ አንድ ጠብታ አይመጣም። የባሏ እናት «ምራቴ ያገባችው ልጄን ነው ወይስ ተራራውን?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ፈገግ ትላለች፤ ናፍቆቷ ግን በቀልድ የሚለቅ አልነበረም።

አንድ ዓመት የጨው ነጋዴዎች ከደጋ ወረዱ። መሪያቸው ግመሉን እንኳ ሳያራግፍ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አባትሽ ዐረፉ» አላት። «እስከ መጨረሻው ክረምት ድረስ ግን ድንጋዩ ላይ መቆማቸውን አልተዉም። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ጎረቤት ደግፎ ይወስዳቸው ነበር።»

ትርንጎ አልጮኸችም። «ያ ሁሉ ቃል!» አለች። «ያን ሁሉ ቃል አሸዋ በላው!» ወዲያው ጓዟን ሸከፈች። ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ አባቷ መቃብር ልትሄድ፣ ከሄደችም ላትመለስ ቆረጠች። ባሏ ሑመድ ቢለምናት አልሰማ አለችው።

በመሄጃዋ ዋዜማ የባሏ አባት፣ ሽማግሌው ዲኒ፣ «መሄዱን ትሄጃለሽ፤ መጀመሪያ ግን ጀልባዬ ላይ ውጪ» አሏት።

ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ባሕሩ የሚፍለቀለቅበት ቦታ አለ። አረፋው ከወለሉ እየተከታተለ ይወጣል፤ አንዳንዴም እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አጥማጆቹ «ባሕሩ የሚተነፍስበት» ይሉታል። እዚያ ሲደርሱ መቅዘፊያቸውን አንሥተው ዝም ይላሉ። ለእንግዳ የተነገረ ዕለት ይደርቃል ብለው ስለሚያምኑ፣ የቦታውን ነገር ከቤተሰብ ውጭ አያወሩም። ዲኒ ባዶ ስልቻ አፉን አንቀው ጠለቁ። ትርንጎ አረፋ አረፋውን እያየች በፍርሃት ጠበቀች። ሽማግሌው ሲወጡ ስልቻው ሞልቶ ነበር።

«ጠጪ።»

«የባሕር ውሃ?»

«ጠጪ እንጂ!»

ጠጣች። እንደ ወንዟ ውሃ የጠራ አልነበረም፤ ትንሽ ይሸታል፣ ጨውም ነካ አድርጎታል። ነገር ግን የሚጠጣ ውሃ፣ የዝናብ ውሃ ነበር።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከአገርሽ ነዋ። አሸዋ ይጠጣል እንጂ አይበላም፣ ልጄ። ወንዝሽ መሬት ለመሬት ሄዶ ከባሕሩ ወለል ይወጣል። አንቺ ተራራ ተራራውን ስታዪ፣ እሱ በተቀመጥሽበት ሥር አልፎ ከጀርባሽ ነበር የሚገባው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ሁልጊዜ ለመሄድ እንደተነሣ ሰው ነበርሽና እንግዳ አልንሽ። አጥፍተናል። ዛሬ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ሐዘንተኛ ደግሞ እንግዳ አይደለም።»

ትርንጎ ስልቻውን አቀፈች። «እንግዲህ ይሄ የመጨረሻው ነዋ» አለች። «ከአሁን ወዲያ ድንጋዩ ላይ የሚቆምልኝ የለም።»

«ማን ነገረሽ? በዚያ በክፉው ድርቅ፣ ተራራው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ይሄ ውሃ አልቀነሰም። ዝናብ ባጥለቀለቀ ዓመትም አልጨመረም። ከመሬት ሥር የሚሄድ ውሃ አይቸኩልም። አሁን የጠጣሽው ምናልባት አንቺ ሳትወለጂ አሸዋ የገባ ይሆናል። የአባትሽ ሰላምታ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ትርንጎ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ነጋዴዎቹ ያለ እሷ ተመለሱ፤ ለአባቷ መቃብር የሚፈስ፣ ከዚያው ከባሕሩ ወለል የተቀዳ አንድ ቅል ውሃ ግን ላከችባቸው። ከዚያ ወዲህ ስትቀመጥ ፊቷ ወደ ባሕሩ ሆነ። ናፍቆቷ አልተዋትም፤ ግን ከእንግዲህ የምትጠብቀው የሚመጣ ነገር ነው።

ወዳጆቼ፣ ከልብ የተነገረ ቃል ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ ላኪው ካለፈ በኋላም ይደርሳል። በጠበቅነው በኩል ስላልመጣ ብቻ ተረሳሁ አንበል። ደግሞስ በየቤታችን «እንግዳ ናት» ብለን፣ የተጠማችውን ውሃ የደበቅንባት አንዲት ትርንጎ ትኖር ይሆን?