ከንስሩ ክንፍ ሥር ያለችው መርከብ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ውብሸት፣ ወጣቱ ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ።

ወጣቱ ምንተስኖት ይባላል። ዛሬ በሠፈሩ የታወቀ የብረት በር ሠሪ ነው። ከዓመታት በፊት ግን መናኸሪያ ውስጥ የሰው ኪስ ይገባ ነበር፤ ለዚህም ታስሯል። ነገ መምህር ውብሸት ሽማግሌ ሆነው የሚወዳትን ልጅ ሊጠይቁለት ነው። ልጅቷ ሁሉን ታውቃለች። የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆኑት አባቷ ግን አያውቁም።

«ጋሼ፣ የመናኸሪያው ነገር ባይነሣስ? ፍቄ የጣልኩት ነገር አይደል?» ነበር ያላቸው።

ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩት ሽማግሌ ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«አንድ ሰው ነበረ። በጥንት ዘመን፣ በጣሊያን ደቡብ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር አንጥረኛ። ከተማዋ ለሮም ትገብር ነበር። አንድ ቀን ‹በቃን!› ብላ ሸፈተች። የሮም ጦር ሊቀጣት ተነሣ። በሯ ከመዘጋቱ በፊት እህል ካልገዛች በረሃብ ማለቋ ነው። ገዥዋ ደግሞ ‹ከእንግዲህ በሮም ምልክት የተገበያየ ይቀጣል› ብሎ አውጇል። በየቤቱ ያለው ግን የሮም መርከብ የተቀረጸበት የነሐስ ሳንቲም ብቻ ነው። አዲስ ነሐስ ከየት ይምጣ? ስለዚህ አንጥረኛውን ጠርቶ፣ ‹ያንኑ ሰብስበህ የእኛን ንስር ምታበት!› አለው።

«አንጥረኛው አሮጌውን ሳንቲም በፍም አጋለ፤ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል አስገባና መዶሻውን አሳረፈበት። ዷ! ንስር ሆነ! ሲያገላብጠው ግን የመርከቧ አፍንጫ ከንስሩ ክንፍ ሥር ብቅ ብላለች። ሌላ መታ። አሁንም አለች። ‹የጠላት መርከብ በንስራችን ክንፍ ሥር!› ብሎ አፈረ። ሞረድ አነሣና መርከቧ እስክትጠፋ ድረስ ሳንቲሞቹን ሞረዳቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ንስሩን የመታባቸው። እንዴት ያምሩ ነበር መሰለህ! ገዥው አይቶ አቀፈው።

«ገበሬዎቹ እህላቸውን በበቅሎ ጭነው በሩ ላይ ደረሱ። ከሁሉ ፊት የነበረች አንዲት ሴት ሳንቲሙን ተቀብላ በመዳፏ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«‹ይሄ ምንድነው?›

«‹ገንዘብ ነዋ፣ እናቴ! የራሳችን ንስር!› አላት አንጥረኛው።

«‹ወፉንስ አየሁት። ነሐሱ የት ሄደ? ቀለለኝ እኮ። አምና እርሳስ በነሐስ ለብጦ የሰጠኝ ሌባም ሳንቲሙ እንዲህ ያምር ነበር።›

«‹ወፍ እህላችንን ስትለቅም ነው የኖረችው፤ ዛሬ ደግሞ ልትገዛን መጣች!› አለ አንዱ ከኋላ። ገበሬዎቹ ሳቁ። የበቅሎዎቻቸውንም አፍ ወደ መጡበት መለሱ።

«ከግንቡ ላይ ያለው ጠባቂ ‹አቧራ! የፈረስ አቧራ!› እያለ ይጮኻል። እናቶች በሩ ላይ እያለቀሱ ነው። አንጥረኛው ያን ጊዜ ገባው። የጎደለው ነሐስ ብናኝ ሆኖ ከሞረዱ ሥር፣ ከቤቱ ወለል ላይ ነው ያለው! ዘወር ብሎ ሮጠ። ሰዉ ሁሉ የሸሸ መሰለው።

«እሱ ግን ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ! ሚስቱም ወናፉን፣ ፍሙንና ገና ሞረድ ያልነካቸውን ሳንቲሞች ይዛ ተከተለችው። መስፉን በሩ መሐል፣ በሰው ሁሉ ፊት አኖረው።

«‹ነይ እናቴ፣ ዓይንሽ እያየ! ይህን ታውቂዋለሽ?› ብሎ አሮጌውን ሳንቲም ሰጣት።

«‹እሱንማ እንዴት አላውቀው!›

«ተቀብሎ አጋለው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መታው። ውሃ ውስጥ ሲነክረው ቸስ አለ። ሴቲቱ ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ሳንቲም በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከክንፉ ሥር መርከቧን አገኘቻት። ሳቀች!

«‹ይኸውና! ንስሩ ከቅጣት ያድነኛል፤ መርከቧ ደግሞ ነሐሱ እንዳልጎደለ ትመሰክራለች። በሉ፣ አውርዱ!›

«ከዚያማ መዶሻው አላረፈም። ጆንያው ይወርዳል፣ ሳንቲሙ ይመታል! የመጨረሻዋ በቅሎ ስትገባ የሮም ፈረሰኞች ከኮረብታው ላይ ብቅ አሉ፤ በሩም ተዘጋ። ከተማዋ ግን እህል ይዛ ነው የተዘጋችው።»

መምህር ውብሸት ታሪኩን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ምንተስኖት ዞሩ።

«ልጄ፣ አንጥረኛው አንተ ነህ። ንስሩ ዛሬ የያዝከው ሙያና ጠባይ ነው፤ እውነተኛ ንስር ነው፣ እኔም እመሰክርልሃለሁ። መርከቧ መናኸሪያው ናት። አንተ ግን ሞረድ ይዘህ ነው ቤቴ የመጣኸው። እሺ፣ ሞርደው፤ ታምራለህ። ግን ትቀላለህ። አባቷ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገ ባያውቁት አንድ ቀን በእጃቸው ከፍ ዝቅ ያደርጉሃል።»

«ባያምኑኝስ፣ ጋሼ? ልጅቷን ቢከለክሉኝስ?»

«ሊከለክሉህ ይችላሉ። ሴቲቱም እንቢ ብላ ልትሄድ ትችል ነበር። አንጥረኛው ይህን እያወቀ ነው መስፉን ያወጣው። እኔ ነገ ንስርህን እናገርልሃለሁ። መርከቧን ግን አንተው ዛሬ አሳያቸው፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙት ሐሜት ነው የሚሆነው። ወፍጮ ቤቱ አሁን ክፍት ነው።»

ምንተስኖት ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና እጆቹን አየ።

«እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱም ተንቀጥቅጦ ነበር አልኩህ እኮ! ሂድ፣ ፍሙ ሳይበርድ!»